ኬለር የወረደው ጀሪካን

ጡረታ የወጣሁ የማሽን መሐንዲስ ነኝ። በተማሪነቴ ዘመን ሃይማኖትን በየስብሰባው ሳወግዝ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ እሁድ እሁድ ባለቤቴን ተናኘን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ መኪና ውስጥ ጋዜጣ አነባለሁ። እድገት ማለት ይኸው ነው።

ቤታችን ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ከቦናመስ ፎቆች ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የጓደኞቼ ቤት ሁሉ በየግድግዳው ራዲያተር አለው። የእኛን የሠራው ጀርመን ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እኛ ኬለር የምንለው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ምድጃ ተክሎ የሞቀውን አየር በቆርቆሮ ቱቦ ወደየክፍሉ እንዲነፋ አድርጎታል። ቤቱ ቶሎ ይሞቃል፤ ጉሮሮም አብሮ ይደርቃል። እኔና ተናኘ እንደ ምንም ለምደነው ኖረናል።

ብርዱ ሲገባ ልጃችን ሕሊና ከባሏ ከጉዲናና ከሕፃኗ ከሊዋም ጋር እኛ ዘንድ ገባች። አከራያቸው ቤቱን ለራሴ ፈለግሁት ብሎ አስወጣቸው፤ ፍራንክፈርት ላይ ሌላ ቤት እስኪገኝ ደግሞ ልጅ ሊዳር ይችላል። ጉዲና ጥሩ ልጅ ነው። ቀን ኒደርራድ ቢሮ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ አዳራሽ ተከራይተው በሚሰበሰቡበት የጴንጤ ቸርች ይዘምራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሊዋም ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና አልተነሣችም። «ስታድግ ራሷ ትመርጣለች» አሉ ወላጆቿ። ተናኘ የዚያን ዕለት ከኩሽና ሳትወጣ ዋለች።

ሲገቡም ጉዲና አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ነገረን።

«ጋሼ፣ እማማ፣ እኛ ሳንስማማ ለልጅቷ ምንም የሃይማኖት ነገር እንዳይደረግላት። ተደብቆ ከተደረገ ግን ቦከንሃይም ወንድሜ ጋ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ተናኘ «እሺ» አለች። ተናኘ ሳትከራከር እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሊዋም አፍንጫ ይዘጋ ጀመር። ጡት መሳብ ያቅታትና ታለቅሳለች። ሐኪሟ አየሩ ደርቋል አለች። የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ብሰቅል ሃያ ከመቶ እንኳ አይሞላም። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚሠራ ነገር የናፈቀኝ ሰው ነኝ፤ ልጅቷ መታመሟ ባይሆን ኖሮ ደስ ብሎኛል ብል ይቀለኝ ነበር። ከምድጃው የሚወጣውን ዋናውን ቱቦ ጎኑን ቆርጬ እርጥበት መስጫ ገጠምኩበት። ነገሩ ቀላል ነው። ከላይ የውሃ ታንከር አለው፤ ውሃው እንደ ስፖንጅ ባለ ነገር ላይ ይንጠባጠባል፤ የሞቀው አየር በዚያ ሲያልፍ እርጥበቱን ይዞ ወደየክፍሉ ይገባል። ከቧንቧ ጋር የሚገናኝ ዓይነትም ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ እስኪሰጠኝ ግን ልጅቷ አፍንጫዋን ትረሳዋለች ብዬ በእጅ የሚሞላውን መረጥኩ።

«ታንከሩን ማን ይሞላል?» ስል ተናኘ «እኔ» አለች።

ተናኘ ኬለር ወርዳ አታውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ደረጃው ጉልበቷን ያማታል፣ ሸረሪትም ትፈራለች። አሁን ግን በየጠዋቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትወርዳለች። ውሃ ለመሙላት ነጠላ የሚያጣፋ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ አንድ ጠዋት ቀስ ብዬ ተከተልኳት። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቢጫ ጀሪካን አወጣች። ክዳኑ ላይ ትንሽ መስቀል ተለጥፏል። ከእሱ አንድ ኩባያ ቀድታ፣ አማትባ፣ ታንከሩ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ከቧንቧው የቀረውን ሞላችው።

«ጸበል ነው?» አልኳት።

«ልጅቷን አልነካኋትም» አለች ሳትደነግጥ። «እሺ ያልኩትም እንዳልነካት ነው።»

«ጉዲናስ? እሱም እኮ ይተነፍሰዋል።»

«ለእሱማ ብዬ ኩባያውን ትልቅ አደረግሁት።»

ተናደድኩ። ሊዋም ማታ ማታ ደረቴ ላይ ነው የምትተኛው። ጉዲና ይህን ቢሰማ ያቺ ልጅ ከደረቴ ተነሥታ ቦከንሃይም ልትገባ ነው። ለመናገርም ለመተውም ከበደኝ። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ትቼ ሌላ ነገር ሳስብ አደርኩ፦ ውሃው ሲተን ጸበልነቱ አብሮ ይተናል ወይስ እንደ ውሃው ኖራ ስፖንጁ ላይ ይቀራል? ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም። በማግስቱ ዝም ለማለት ወሰንኩ።

ሳምንት ሳይሞላ መለኪያው አርባ ገባ፤ የሊዋም አፍንጫም ተከፈተ። እኔ ማሽኔን አመሰገንኩ፣ ተናኘ ጸበሏን፣ ጉዲና የጸሎት ቡድኑን፣ ሐኪሟ ደግሞ ያዘዘችውን ጠብታ። ሁሉም የየራሱን አመስግኖ ቤቱ ሰላም ሆነ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ተናኘ የጉልበቷን ሕመም ረስታ ከኬለር እየሮጠች ወጣች።

«ሀብቴ፣ ጀሪካኑ ግማሽ ደርሶ ነበር። ረቡዕ እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት፤ ዓይኔን ሳላምን ቆየሁ፣ ዛሬም ሙሉ ነው።»

«በደንብ አላየሽው ይሆናል።»

«በእጄ እያነሣሁት? ፋሲካን ያደርስልኝ ብዬ በኩባያ እየቆጠብኩት? ነገ ቤተ ክርስቲያን እመሰክራለሁ።»

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የተነገረ ነገር ማታውኑ ጉዲና ጆሮ ይደርሳል። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ እንደሚጨምር አስረዳኋት። «ኬለሩ ብርድ ነው» አለችኝ። የዕድሜ ልክ መሐንዲስነቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ይባስ ብሎ እስከ ነገም አልታገሠችም። ምሳ ላይ፣ ሁላችን በተቀመጥንበት፣ «ጉዲና ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎልኝ ካንተ ብደብቅ ይቆጠርብኛል» ብላ ጀመረች። ኩባያውንም፣ ታንከሩንም፣ ጀሪካኑ መሙላቱንም አንድ በአንድ ዘረገፈችው። ሊዋም ጭኔ ላይ ነበረች፤ ሳላውቀው ጠበቅ አደረግኋት። ሕሊና ወደ ባሏ ማየት ፈርታ ሳህኗን ታያለች።

ጉዲና ፊቱ ቀልቶ «ተአምር አይደለም እማማ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«እንዴት አንተ ነህ?»

«ማክሰኞ ልብስ ላጥብ ወርጄ አየሁት። መስቀሉን ሳይ ገባኝ። በጣም ተናደድኩ። ጀሪካኑን ገልብጬ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። ስንት እንደነበረም ልብ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ነው።»

የተናኘ ፊት ሲወድቅ አየሁ። ስንት ጠዋት ጉልበቷን እያመማት ወርዳ የቧንቧ ውሃ ላይ ስታማትብ ነበር። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንጀቴን በላችው። ጉዲናም አንጀቱን ሳትበላው አልቀረችም፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ተናኘ በቀስታ ጠየቀችው።

«የት ደፋኸው?»

ጉዲና ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«ጸበል እግር የሚረግጠው ቦታ እንደማይደፋ ታውቃለህ? የቆሻሻ መውረጃ ውስጥ ነው የከተትከው?»

«አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ» አለ። «ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ጸበል ደጅ ደፍቼ የገረፉኝ እስካሁን ይሰማኛል። መውረጃው አፍ ድረስ አድርሼው ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። እኔ አላምንበትም እማማ፤ መድፋት ግን አልቻልኩም። ደጅ እንዳላወጣው በረዶ ነው፣ ሰው ይረግጠዋል።»

«ታዲያ የት አደረስከው?»

«ታንከሩ ውስጥ» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ። «የቀረውን በሙሉ። ሌላ ቦታ አጣሁለት።»

ወለሉ ላይ ካለው ፍርግርግ የሞቀው አየር ይነፋል። እኔ የማልተወው ልማድ ሆኖብኝ ማስላት ጀመርኩ፦ ተናኘ እስከ ፋሲካ በኩባያ በኩባያ ልታደርስ ያቀደችውን፣ አባትየው በሁለት ቀን ልጁን አስተነፈሳት ማለት ነው።

ተናኘም ስሌቱ ደረሰባት መሰለኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በአባቷ እጅ» አለች። መጀመሪያ የሳቀችው ሕሊና ናት፤ እየሳቀች ደግሞ ታለቅስ ነበር።

እኔ የማስበው ሌላ ነው። «ቦከንሃይምስ?» አልኩት ጉዲናን። «ተደብቆ ከተደረገ እሄዳለሁ ብለህ ነበር።»

«ከማን ልሸሽ ጋሼ?» አለኝ። እጁን ዘርግቶ ሊዋምን ሊወስዳት ነበር፤ ፊቴን አይቶ እጁን መለሰ።

በማግስቱ ተናኘን ቤተ ክርስቲያን አደረስኳት። ስትመጣ ባዶ እጇን ነበረች። ሌላ ጊዜ በየእሁዱ አንድ ጠርሙስ ሳትይዝ መኪና ውስጥ አትገባም። መመስከሯንና አለመመስከሯን ለመጠየቅ ፈራሁና፣ «ጸበል አልያዝሽም?» አልኳት።

«ምን ያደርግልኛል» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «ልጅቷን እንደሆነ አባቷ አጠመቃት።»