ለአማቼ የሰጠሁት ወረቀት

ሰው ቶሎ አላምንም። ሻይ ሲጋብዙኝ እንኳ «ምን ፈልገው ይሆን?» እላለሁ። እህቴ በዚህ ጠባዬ ትስቅብኛለች። ግን እሷ በከተማ መንገድ ላይ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ስትከንፍ ባትሪዋን የምጠብቅላት እኔ ነኝ። መጠርጠር ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው።

መኪናዋ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያ የሌለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የውድድር መኪና ነው። ሠላሳውን ዙር ሙሉ ረግጣ ብትነዳው ባትሪው አያደርሳትም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ዙር እግሯን ከፔዳሉ ታላላለች፤ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ባትሪው ትንሽ ይሞላል። እነዚያ ሁለት ዙሮች ክፉ ናቸው። ከኋላዋ ያለው ካወቀባት አለቀላት። ሬዲዮአችንን ደግሞ ተመልካቹም ተቀናቃኙም ይሰማዋል። «ቆጥቢ» ብዬ አልጮህም። ለየውድድሩ አዲስ የምስጢር ቃል አወጣና ከዙሩ ቁጥር ጋር በሦስት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእህቴ፣ አንዱ ለባሏ ለአማቼ።

ባሏ የቡድናችን ጎሚስታ ነው። የጎማውን ንፋስ ይለካል፤ ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከጎኔ ይቆማል። ደግ ሰው ይመስላል። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ደግነቱ ነው።

ባለፉት ሁለት ውድድሮች ዋና ተቀናቃኛችን የሆነው ጥቁሩ መኪና ልክ እህቴ እግሯን ስታነሳ ዘሎ አለፋት። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ሁለቴ ሲሆን ግን ከውስጥ ምስጢር የሚያወጣ ሰው አለ። በዚያው ሰሞን አማቼ ከጥቁሩ መኪና ጎሚስታ ጋር ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አየሁት። ስደርስ ሁለቱም ጸጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚያደርገው ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ፤ አዲስ ጫማ ሲያደርግ እንኳ ማን ገዛለት አልኩ።

የመጨረሻው ውድድር ቀን ደረሰ። አለቃችን ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፤ እህቴ ጥቁሩን መኪና ቀድማ ከገባች መቀመጫዋ ለከርሞም የእሷ ነው፤ ከቀደማት ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ጋራዣችን አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ከውጭ የአውቶቡስ ፌርማታው ተነቅሏል፣ የፍሳሽ ክዳኖቹ አስፋልቱ ላይ ተበይደዋል፣ ሰዉ በረንዳ ላይ ካሰጣው ልብስ መሃል አንገቱን አስግጓል። እኔ በልጆች ወንበር ላይ ተኮራምቼ ሦስቱን ወረቀት ጻፍኩ። የምስጢሩ ቃል «ሰማዩ ጠርቷል» ነበር። በእኔና በእህቴ ወረቀት ላይ «ሃያ ስድስተኛው ዙር» አልኩ። በአማቼ ወረቀት ላይ «ሃያኛው»። ጥቁሩ መኪና በሃያኛው ዙር ከዘለለ ሌባውን ያዝኩት ማለት ነው። ለእህቴ አልነገርኳትም።

«ፌንጣ፣ ርገጪ! ግፊ ፌንጣ!» እላለሁ በሬዲዮ። ልጅ ሳለች አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ያወጣሁላት ስም ነው። ከፊት እሷ፣ ከኋላ ጥቁሩ።

ሃያኛው ዙር ገባ። ዓይኔን ከጥቁሩ መኪና አልነቀልኩም። ምንም የለም። አማቼ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ጋሼ! ሃያ ገባ እኮ! ንገራት እንጂ፣ ባትሪው ያልቅባታል!»

ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። «እቅዱ ተቀይሯል፤ አርፈህ ቁም» አልኩት። በልቤ ግን፣ አቤት ትወና!

ሃያ ስድስተኛው ዙር መጣ። ጥቁሩ ከኋላዋ ተለጥፏል።

«የኔ እናት» አልኳት፣ «ሰማዩ ጠርቷል።»

እግሯን አነሳች። ፋርማሲው ጋ ያለው ኩርባ ላይ ሳይደርሱ ጥቁሩ መኪና በውስጥ በኩል ገብቶ አለፋት። እስከ መጨረሻው ተከተለችው፤ አልደረሰችበትም። መቀመጫዋ ሄደ።

ጋራዥ ገብታ የራስ ቁሯን ስታወልቅ ፊቷ በእንባ ርሷል። እኔ ግን እንባዋን ሳይሆን ቁጥር እያሰብኩ ነበር። ሃያ ስድስትን አማቼ አያውቅም። የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ታዲያ እሷ ትሆን? በጡጦ ያጠባኋትን፣ አቅፌ ያሳደግኳትን ልጅ በዚያ ዓይን አየኋት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

የጥቁሩ መኪና ሹፌር ሊያጽናናት መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ቢሆንም ሁላችንም ሽማግሌው እንለዋለን። ይህ የመጨረሻ ውድድሩ ነበር።

«አይዞሽ፣ የኔ እናት» አላትና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «አንተ እንደሱ ስትላት እኮ ነው እኔም የምረግጠው። ሌላ ጊዜ ፌንጣ ነው የምትላት። እግሯን ልታነሳ ስትል ግን የኔ እናት ትሆናለች። የምስጢር ቃላችሁን አንድ ቀን እንኳ አላወቅነውም፤ ማወቅም አላስፈለገንም።»

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ስፈራላት የምጠራት እንደዚያ ነው። ለየውድድሩ ቃል ስቀይር ያቺን መቀየር ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ከአፌ መውጣቷንም አላውቅ። እህቴን የሸጥኳት በገዛ ስስቴ ነው።

አማቼ መሪው ላይ የተለጠፈውን የእህቴን ወረቀት ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። አነበበው። ከኪሱ የራሱን አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቁጥሮቹን አየ።

«ምንድን ነው?» አለችው እህቴ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ምንም» አላት። «ቁጥሩን ተሳስቼ አንብቤው ነው።» የእሱን ወረቀት አጣጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ጎማዎቹን ለመጫን ጎንበስ አለ። «በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለኝ። ጋሼ አላለኝም።