የጾሙን ኪኒን በአንድ ጊዜ

እኅቴ አገርነሽ አርግዛ ግድግዳ ትበላ ጀመር። እውነቴን ነው፤ የጓዳውን ጭቃ በጥፍሯ እየፋቀች ትልስ ነበር። ባሏ ሰሜን ግንባር ስለዘመተ ጤና ጣቢያ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ሲስተር እናትዓለም የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና ደምሽ አንሷል፣ ደም ያለ ብረት አይሠራም አለቻት። የብረት ኪኒን ሰጥታ በቀን አንድ ብቻ፣ ከሻይ ጋር እንዳይሆን ብላ አስጠነቀቀቻት።

ፍልሰታ ገባ። አገርነሽ ቆራቢ ናት። እኔ የምትውጥ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ኪኒንም ጾም ይሽራል ብላ አንዱንም ሳትነካ ጾሙ አለቀ።

በተፈታ ለት ጠዋት ከሐይቁ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። የኪኒኑ ወረቀት ባዶውን ወድቋል።

"የት ሄደ?" አልኋት።

"ያጎደልሁትን አሟላሁ።"

"ኪኒን ስግደት መሰለሽ እንዴ፣ አጠራቅመሽ የምትከፍይው?"

ወዲያው አስመለሳት። ደግፌያት ወደ ጤና ጣቢያው ወጣን። መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ደግሞ አስመለሳትና ቁጭ አለች። ከዚያ ፊቷ መለስ አለ፤ ቀለለኝ፣ እንመለስ አለችኝ። ላምናት ምንም አልቀረኝ። ግን ያን ሁሉ ብረት ውጣ እንዴት በአንዴ ይቀላታል?

መንገዱ አፍ ላይ የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ አዘዘ ጠመንጃውን አግድም ይዞ ቆሟል። ስብሰባ አለ፣ ማንም አያልፍም አለ። አገርነሽን አየት አድርጎ ደህና አይደለች እንዴ፣ ቤታችሁ ግቡ አለን። እሷም ደህና ነኝ ብላ ዞረች። ክንዷን ጨምድጄ ያዝሁ።

"ጋሽ አዘዘ፣ ከሞተች ለስብሰባው ሬሳዋን ላምጣልዎ?"

ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። 

"ምላስሽ ይቆረጥ" አለና ከመሸንቲ እህል ጭኖ የሚመጣ ጋሪ አስቁሞ አሳፈረን።

ሲስተር እናትዓለም አገርነሽ ቀለለኝ ማለቷን ስትሰማ ይልቁን ደነገጠች። ብረት ሲበዛ ሆድ ያቆስላል፣ ከዚያ ያለፈ መስሎ ዝም ይላል፣ ዝም ብሎ ጉበት ይጎዳል አለች። ጨጓራዋን አጠቡ፤ ጉሉኮስ ተከሉላት። ከዚያ ሲስተር የፅንስ ልብ የምታዳምጥበትን የእንጨት ጡሩንባ አገርነሽ ሆድ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገነች። አዛወረችው። ደግሞ አዛወረችው። አገርነሽ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እኔ ጣራ ጣራውን።

"አለ" አለች ሲስተር። "ይመታል።"

የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ገብርኤል ሊጠይቋት መጡና ተቆጡ። ነፍሰ ጡር መድኃኒት ብትውጥ ጾም ሻረች ያለሽ ማን ነው፣ ልትጠይቂኝ አፍ አልነበረሽም ወይ አሏት።

"አፏማ ግድግዳ ይዞ ነበር፣ አባ" አልሁ።

ከዳነች በኋላ ሲስተር እንደገና ጀምሪ ስትል ኪኒኑን ተቀብዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርሁት። ጠዋት ከሎሚ ውኃ ጋር አንዷን ፈትቼ ሳቀርብላት አገርነሽ ቋጠሮውን አየችው።

"የተኛሁባቸው ቀኖችስ?"

"አለፉ" አልኋት። "እጅሽን ዘርጊ።"