የሎላ ኢስካ ጫጩት

አያታቸው ሎላ ኢስካ ነፍሷ አልወጣ ብሎ ስትጨነቅ የልጅ ልጆቿን አስጠራች። ታናሺቱን ኔኒንግን ከንፈሯን ነካ አድርጋ፣ ታላቂቱን ፔርላን ግን ረዘም አድርጋ ሳመቻቸውና ወዲያው አረፈች። መንደሩ ያወራው ስለ ረጅሙ መሳም ብቻ ነው። አስዋንግ፣ ያቺ የነፍሰ ጡር ሆድ የምትጠባበቅ ጉድ፣ ስትሞት ጉሮሮዋ ውስጥ ያኖረችውን ጥቁር ጫጩት ለወራሿ በአፍ እንደምታቀብል በደሴቲቱ የማያውቅ የለም።

በዓመቱ ፔርላ በዚያ በደሴቲቱ ሙቀት ይበርዳት ጀመር። ድምጿ ጎረነነ፣ ቅንድቧ ሳሳ፣ ፊቷ አበጠ። ሰው ሽሽት ቤቷን ዘግታ ስትውል ደግሞ አጥንቷ ውስጥ ውስጡን ይቆረጥማት ጀመር። ያን ጊዜ ኔኒንግ አረገዘችና የራሷ ደጃፍ ላይ አስዋንግ የሚያባርር ጨው በተነች። ፔርላ እናት ሆና ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ጨዉን ስታይ አንጀቷ ተቆረጠ። የሚወለደውን ልጅ ማቀፍ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

አክስቷ ቤባንግ በሹክሹክታ መከረቻት። «ጫጩቱ እንዳይርበው ልጄ! ከራበው ጉሮሮሽን ቦትርፎ ነው የሚወጣው። ገና ዓይንሽን ስትገልጪ ወተትሽን ጠጪ።»

ሕመሙ ሲብስባት ከሄደችበት ጤና ጣቢያ የታዘዘላትን ክኒን ሁሉ በዚያ ወተት ትውጠው ነበር። ለውጥ ግን የለም። ተመልሳ ስትሄድ ሐኪሟ ይህን ሰማችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«ወይ አንቺ ሴት! የአንገት ዕጢሽን፣ የታይሮይዱን ክኒን እኮ ወተቱና ካልሲየሙ ናቸው የያዙብሽ። እሱን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲውን ከምሳ ጋር። ደግሞ ውጪና ጸሐይ ሙቂ፣ ቫይታሚንሽ ተሟጧል።»

«በባዶ ሆድ?» አለች ፔርላ ጉሮሮዋን በእጇ ሸፍና።

በማግስቱ ክኒኑን በውሃ ዋጠችና ደጅ የቀርከሃ መደቧ ላይ ተቀመጠች።

«አስዋንግ ጸሐይ አያቀልጣትም እንዴ?» አለ ዓሣ ሻጩ ሲያልፍ፤ እየሳቀ ቢሆንም እርምጃውን አፈጠነ።

ወዲያው አንገቷ ውስጥ አንድ ነገር ጫር፣ ጫር አደረጋት። ወተቱ አጠገቧ ነው፤ አንድ ጉንጭ ብትል ይተዋታል። ከጎረቤት የኔኒንግ ሳቅ ተሰማትና ተናደደች።

«ተራብ!» አለችው ጫጩቱን።

ተራበ። በየጠዋቱ ጫረ፣ በየጠዋቱ ደከመ፣ አንድ ቀን ዝም አለ። ሕፃኑ ሲወለድ ለቅሶውን መደቧ ላይ ሆና ሰማች። ገላዋ ሞቀ፣ የአጥንቷ ቁርጥማት ተዋት፣ ድምጿ ጠራ። ወራት አልፈው ኔኒንግ ራሷ ላከችባት።

ፔርላ ጨዉን ረግጣ ገባች። ክፍሉ ጨለማ ነው። ኔኒንግ በዚያ ወበቅ ብርድ ልብስ ደርባ ሕፃኑን ታቅፋለች። ፔርላ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

«መልሺው እትዬ፤ ብርሃኑ ያመኛል።»

የጎረነነው ድምፁ የሎላ ኢስካ ነበር። ፔርላ የኔኒንግን እጅ ነካች፤ በረዶ ነው። ቅንድቧም ሳስቷል። ይህን በሽታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ መድኃኒቱንም እንደዚያው።

«ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ እኔም ድኛለሁ» አለ አፏ። እጇ ግን ሕፃኑን ከእናቱ ጉያ ነጥቋል፤ እሷም ወደ በሩ አፈግፍጋለች።

ኔኒንግ የእህቷን የፈራ ፊት አየች፣ ደጃፏ ላይ ራሷ የበተነችውን ጨው አየች፣ ከዚያ አለቀሰች።