ያልጮኸው ፍሬን

ሰፈሩ በሙሉ ዘይቱ ነው የሚለው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን ግን ዛሬ የሚያስታውስ ሰው የለም። ዘይቱ ወይን ገራዥ ነው፤ በኮረብታዎቹ እርከኖች ላይ የወይን ሐረግ ሲገርዝና ሲያስር ፀጉሩ የሸበተ ሰው። ሁሉን የሚችል ሆኖ አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ ሲጢጥ የሚል ብረት ሰምቶ ማለፍ። የመግረዣ መቀሱን፣ የወይን መጭመቂያውን ጥርስ፣ የጎረቤቱን የአጥር በር፣ አንዴ ደግሞ ታሞ ሄዶ የተጋደመበትን የሐኪም ቤት አልጋ ሳይቀር ዘይት አጠጥቷል። ትንሿ የዘይት ጣሳ ከኮቱ ኪስ ተለይታ አታውቅም። «አንድ ቀን እኔንም ተኝቼ ብታገኘኝ ትቀባኛለህ» ትለዋለች ሚስቱ። እሱ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰምቶ አንዴ ሐሳቡ መጥቶበት ነበር።

ያለችው ልጅ አንዲት ናት። እግረ ረጅም ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፌንጣ ይላታል። ፌንጣ አድጋ አስተማሪ ሆናለች፤ ከክፍል እንደወጣች ግን ብስክሌቷ ላይ ናት። አስፋልት አይጥማትም። ጎማው ወፈር ያለ፣ ለጠጠር መንገድ የተሠራ ብስክሌት ገዝታ በወይኑ መሀል ያለውን ኮረኮንች ሽቅብ ቁልቁል ስትለው ትውላለች። «ከዚህ ኮረብታ ወይን ነው የሚወርደው፣ አንቺ ራስሽን ታወርጃለሽ» ይላታል። ይቆጣ ይመስላል እንጂ ኩራቱ ከአፉ ሞልቶ ይፈሳል።

ዘንድሮ ወይኑ ሳይለቀም በኮረኮንቹ ላይ የብስክሌት ውድድር ተዘጋጀና ፌንጣ ተመዘገበች። ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ብስክሌቱን ጓሮ ገልብጣ አጠበችውና፣ «አባዬ፣ ካቴናውን ዘይት አስነካልኝ፤ በዚህ ካንተ የሚበልጥ የለም» ብላው ወደ ቤት ገባች። ዘይቱ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ ቆይቷል። ልጅ አንዴ ካደገ በኋላ አባቱን ለምን ይፈልገዋል? ካቴናውን ቀባ። ፔዳሉን ቀባ። ከዚያ ጎማውን አሽከርክሮ ፍሬኑን ቢይዘው፣ ጎማው መሀል ያለችው ስስ የብረት ሳህን ሲጢጥ አለች። በዘይቱ ቤት! ዘይቱ ቆሞ እያየ! ጣሳውን አዘነበለ። የፊቷንም የኋላዋንም ሳህን በሁለት በኩል ቀባና በጨርቅ አዳረሰው። መያዣውን ጨበጥ አደረገው፤ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው። ጎማው ዞረ፣ ቆመ፣ ትንፍሽ አላለም። ያን ዕለት እራቱን በደስታ በላ።

በማግስቱ ጠዋት በአሮጌ ፒካፑ ጭኖ ከኮረብታው ሥር፣ ከመነሻው አደረሳት። ቁጥሯን ጀርባዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ራሱ አያያዘላት። ስልኳን ሰጠችው። «ስጨርስ ፎቶ አንሳኝ፤ ደግሞ ጣትህ እንዳይገባበት!» ፊሽካ ተነፋ። መንገዱ ከመነሻው ጀምሮ ዳገት ነው፤ እስከ ጫፍ ድረስ ፍሬን የሚፈልግ ሰው የለም። ፌንጣ አንዴ ዞር ብላ እጇን አውለበለበችለትና ከሌሎቹ ጋር አቧራው ውስጥ ገባች።

ዘይቱ መነሻው ላይ ከቀሩት ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያወጋ ቆየና ደረቱን ነፍቶ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ድንኳን ሄደ። ብስክሌቷን የሚጠግንላት ይኸው ሰውዬ ነው።

«አንተ የተውከውን እኔ ጨረስኩት» አለው። «ፍሬኗ ይጮህ ነበር፤ ትናንት ዘይት አጠጣሁት።»

ጠጋኙ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «የቱን? መያዣውን?»

«ሳህኗን ነዋ።»

ጠጋኙ በእጁ የነበረውን ጎማ መሬት አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ተፋትጋ ነው የምታቆመው። ዘይት ከነካት አትይዝም። እሷን የሚይዛት የፍሬን ሸራም ዘይቱን መጥጦታል፣ አለቀለት።»

«እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ! ቆሟል!»

«ባዶ ጎማ በእጅ ሲያዞሩት ይቆማል። ሰው ተቀምጦበት በቁልቁለት ግን...» ጠጋኙ ቀና ብሎ ወደ ኮረብታው ጫፍ አየ።

ዘይቱ ወዲያው እጁን ኪሱ ከቶ የራሱን ስልክ አወጣና የልጁን ቁጥር ደወለ። የገዛ ኮቱ ጮኸ። የልጁ ስልክ እሱው ኪስ ውስጥ ነበር።

በፒካፑ ወደ ላይ ሊፈተለክ ሞከረ። ከመጀመሪያው እርከን ሳይደርስ መንገዱ በገመድ ተዘግቷል፤ አጠገቡ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂ ሬዲዮውን ይዞ ቆሟል።

«መኪና አይገባም፣ አባት።»

«ልጄ ፍሬን የላትም! አስቁሙልኝ!»

ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ዘይቱ ይጣላው ነበር። ሬዲዮውን ከአፉ አስጠግቶ፣ «ቁጥሯ ስንት ነው?» አለ።

ቁጥሩን ዘይቱ ራሱ ነው ያያያዘው። ግን መነፅሩን አላደረገም ነበር፤ መርፌ ቁልፉ ቆዳዋን እንዳይወጋት ሲጠነቀቅ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መች አየው? «አራት መርፌ ቁልፍ ነው ያደረግኩላት» አለ። ጠባቂው አየውና አንገቱን ደፋ። ዘይቱ እንደነገረው ስሟን ለላይኞቹ ነገራቸው፣ ቀይ ቆብ አድርጋለች አላቸው። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። እዚህ ግማሹ ቀይ ቆብ ነው፣ አለ ድምፁ።

«እንግዲያው ሁሉንም አስቁሟቸው!» ብሎ ዘይቱ ሬዲዮው ላይ ጮኸበት።

«የፊተኞቹ መውረድ ከጀመሩ ቆይተዋል» አለ ከላይ ያለው። «የቀሩትን እንይዛለን።»

ፌንጣ ኋላ የምትቀር ልጅ ብትሆን ኖሮ! ዘይቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ሰነፍ እንድትሆን ተመኘ።

ቁልቁለቱ ከቆመበት ይታያል። የእያንዳንዱን ረድፍ ወይን ያውቀዋል፤ የቱ ሐረግ እንደሚያስቸግር፣ የቱ እንጨት እንደበሰበሰ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል። አሁን ግን በረድፎቹ መሀል ጉንዳን አክለው ከሚወርዱት ውስጥ የትኛዋ ልጁ እንደሆነች አያውቅም። ከታች በኩል መንገዱ የድንጋይ ካቡ ጋ ሲደርስ ድንገት ይታጠፋል። አንዱ መጣ፣ ቀስ አለ፣ ታጠፈ። ሌላው መጣ፣ ታጠፈ። በታጠፉ ቁጥር ይቺ ትሁን ብሎ ይለምናል። ከዚያ አንዷ ከሁሉም ፈጥና መጣች። ቀስ አላለችም። አልታጠፈችምም። ካቡን አልፋ ወይኑ ውስጥ ገባች፤ ሐረጉ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

ዘይቱ ገመዱን ዘሎ ሮጠ። ጠባቂው አልከለከለውም። በአቋራጭ፣ በረድፎቹ መሀል ነው የሮጠው፤ ራሱ የወጠረው ሽቦ ልብሱን እየያዘ ያስቀረዋል፣ እየቀደደ ያልፋል። ሲደርስ የውድድሩ ነርስ ቀድማው ደርሳ ነበር። ፌንጣ በጀርባዋ ተጋድማለች። ቀኝ እግሯ አቀማመጡ ልክ አልነበረም። ፊቷ በተጨፈለቀ ወይን ርሷል፤ መጀመሪያ ደም መስሎት ነበር።

«አባዬ» አለች። «ይቅርታ፤ ፎቶህን አበላሸሁብህ።»

«ዝም በይ፣ የኔ እናት።»

«ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሁሌ ከመውረዴ በፊት ቆም ብዬ ፍሬኔን እሞክራለሁ። ዛሬ ግን፣ ትናንት አባዬ አይቶታል አልኩና...» ትንፋሽ አጠራት። «በደንብ አልያዝኩትም መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዘይቱ አጠገቧ ተንበረከከ። እጇን ሊይዝ ፈለገ፣ የቱን ቢነካ እንደማያማት ግን አላወቀም። «እኔ ነኝ» አላት። «ሲጢጥ ሲልብሽ ጊዜ ሳህኗን ዘይት ቀባኋት። እንዳይጮህብሽ ብዬ።»

ፌንጣ ብትሰድበው፣ ብትጮህበት ምንኛ በወደደ። «ጥሩ ነበር እኮ» አለች። «ሲጮህ ጥሩ ነበር።» ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

የመጣችው የበሽተኛ መኪና በወይኑ መሀል እንድታልፍ ተብላ ጠበብ የተደረገች ናት፤ ከሕመምተኛና ከነርስ ሌላ ሰው አትይዝም። «እግሯ ይድናል?» ብሎ ነርሷን ጠየቃት። «ሐኪም ሳያያት ምንም ልልዎት አልችልም» አለችውና በሩን ዘጋችው። መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ ሄደች።

ብስክሌቱ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መሪው ከመጣመሙ በቀር ጎማዎቹ ደህና ናቸው። ትቶት ይሂድ? የልጁ ነው። አላቅቆ ወደ መንገዱ አወጣውና ይዞት መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱ ብሶበታል። ብስክሌቱ ጎተተው፣ እግሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ የልጁ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሚስቱ መሆን አለባት፤ ደረስሽ ወይ፣ አባትሽ ፎቶ አነሳሽ ወይ ልትላት። አንድ እጁን ቢለቅ ብስክሌቱ ያመልጠዋል። ሁለቱንም የፍሬን መያዣ ጣቱ እስኪነጣ ጨበጠ። ስልኩ መጮሁን አላቆመም። ጎማዎቹ ትንፍሽ ሳይሉ ወደ ታች ዞሩ፤ ዘይቱም አብሯቸው እየተጎተተ ወረደ።