ኪሮሹና ሲሊኮኑ

የሾፌሯ ታናሽ እህት ባል ቀዳዳ የሚባል ነገር አይወድም። ቤቱ ውስጥ ሲሊኮን ያልቀመሰ ዕቃ የለም፤ የመታጠቢያው ዙሪያ፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የጫማው ሶል፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር እንደ ደረቀ ጥርስ ሳሙና ያለ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። ሾፌሯ «ድፍኑ» የሚል ስም አውጥታለታለች። መጀመሪያ ከኋላው ነበር የምትጠራበት፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት አመለጣትና ጭራሽ ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ ስድቧ ጣዕም አጣ።

የምትነዳው የተማሪዎች ሚኒባስ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱ የፊት መብራቶች ውስጣቸው ውሃ ቋጥሮ ዓሣ ለማርባት የተዘጋጁ መስለው ነበር። ዓመታዊው ምርመራ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ምርመራውን ያላለፈ መኪና ተማሪ አይጭንም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ መስመሯን ለመረከብ ያሰፈሰፈ ሌላ ሾፌር መኪናውን ሲወለውል ነው የሚውለው።

ድፍኑ ደግሞ ሥራው የመኪና መብራት መጠገን ነው። ሌላ ጋራዥ እንዳትሄድ፣ አንዴ ሄዳ አይታዋለች። ታናሽ እህቷ «ባሌን በሰው ፊት አዋረድሽው» ብላ በዓል መጥቶ እስኪያስታርቃቸው ድረስ ስልኳን አላነሳችም። እናም መብራቶቹ በድፍኑ እጅ ወደቁ።

ድፍኑ መብራቶቹን ፈትቶ ታቀፋቸውና ቀጥ ብሎ ወደ ሚስቱ ማእድ ቤት ገባ። የፋብሪካው ማስቲሽ በሙቀት ካልላላ መስታወቱና የኋላው ፕላስቲክ አይላቀቁም። ስለዚህ የዳቦ ምድጃው ውስጥ ከተታቸውና በመስታወት በሩ እያጮለቀ ይጠብቅ ጀመር።

«ዳቦ የምትጋግሩት በዚሁ ነው?» አለች ሾፌሯ።

«ተራ በተራ ነው፣ እትዬ።»

«ለዚህ ነዋ ዳቦአችሁ የባትሪ ጣዕም ያለው!»

እህቷ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ኪሮሿን ትሠራለች። ቀና ሳትል፣ «እባክሽ ተይው፣ ይሥራበት» አለች።

መብራቶቹ ሲወጡ ድፍኑ በካቻቢቴ ዙሪያቸውን ፈልቅቆ ከፈታቸው፤ አሮጌውን ማስቲሽ ቧጠጠ፣ ውስጣቸውን በፀጉር ማድረቂያ አደረቀ። እስከዚህ ድረስ ሾፌሯም እንከን አላገኘችበትም። ከዚያ ሲሊኮኑን አነሣ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ኬክ እንደሚያስጌጥ ሰው ዙሪያውን አሰመረ። ገጥሞ አሰረ። በላዩ ደገመበት። ከዚያ መብራቱን ገልብጦ ኋላውን በአውራ ጣቱ ዳበሰና፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«አየሽ ይቺን ቀዳዳ? ፋብሪካው የረሳት ናት!» ብሎ ሲሊኮን ጠብ አደረገባት። ሌላኛውንም መብራት ገልብጦ መንትያዋን ፈልጎ ደፈነ። «አሁን እንኳን ውሃ፣ አየር አይገባም!»

«እዚሁ ይደሩ፣ እትዬ» አለች እህቷ። ኪሮሹ እጇ ላይ ቆሟል። «ጠዋት ይገጠማሉ።»

«እዚህ ቤት ካደሩ በሩን ጨምሮ ይደፍነውና እኔም መብራቴም ታሽገን እንቀራለን» አለች ሾፌሯ። «ጠዋት በጊዜ መሰለፍ አለብኝ። አሁኑኑ ይግጠምልኝ።»

እህቷ አፏን ከፈተች፤ ባሏን አየችና መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ የምርመራው ሰልፍ ግንቡን ታኮ እስከ መንገዱ ደርሷል። ድፍኑ ሥራውን ለማየት አብሮ መጥቷል። እህቷም ማንም ሳይጠራት የኪሮሽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሾፌሯ ለሙከራ መብራት አበራችና ወርዳ ፊት ለፊት ቆመች። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አምፖሉ ሲግል ግን መስታወቱ ከዳር ጀምሮ እንደ ሻወር ቤት መስኮት ይደመን ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ጠብታዎች በውስጥ በኩል ተንከባለሉ።

«ይሄንንስ ምን ትለዋለህ?» አለች፤ ድምጿ ቀጥኗል።

ድፍኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ሲሊኮኑ አንሶት ነው» አለና ከኪሱ ቱቦውን አወጣ።

ሾፌሯ ቱቦውን ምኑ ውስጥ እንደምትወትፍበት እያሰበች ሳለ እህቷ ከመኪናው ወረደች።

«የኔ ጌታ፣ እስቲ ሂድና ስንት መኪና እንደቀረን እይልን። ውሃም ይዘህ ና፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

ድፍኑ ቱቦውን ኪሱ መልሶ ሄደ። ግንቡን ሲታጠፍ እህቷ «ኮፈኑን ክፈቺ» አለች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከመብራቱ ኋላ ሰደደች፤ በሌላው እጇ ኪሮሹን አቀበለች። ዓይኗን ጨፍና፣ የጠፋ ጥልፍ እንደምትፈልግ ሴት በእጇ ብቻ እየሄደች፣ አንዴ ሳብ አደረገች። መንጠቆዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ሲሊኮን ተሰቅላ ወጣች። ከዚያ ወደ ሌላው መብራት ዞረች።

«ይቺ መተንፈሻው ናት» አለች። «ሙቀቱ የሚወጣባት። አንቺ መብራቱን እንዳታጠፊ።»

ሾፌሯ ሲሊኮኗን ከመንጠቆው ላይ አነሣች። «አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?»

«ሰው ‹ጉም ያዘው› እያለ መብራቱን ሲመልስበት። የሚሠራቸው መብራቶች ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ስለሚያድሩ፣ እሱ ሲተኛ ነው መተንፈሻቸውን የምከፍተው። ትናንት ይደሩ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?»

«እና ለምን አትነግሪውም?»

«ነግሬው አውቃለሁ። የመታጠቢያውን መውረጃ የደፈነ ዕለት። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰነበተ፤ ምግብ እንኳን እኔ ነኝ ያጎረስኩት።» ኪሮሹን በቀሚሷ ጠረገች። «ይሄኛው ይቀለኛል።»

ሾፌሯ እህቷን አየቻት። ለዚህች ሴት አንድ ምርጥ ስም ለማውጣት አሰበች፤ አልመጣላትም።

ሰልፉ እየተጎተተ፣ ደመናው ከመስታወቱ መሐል ወደ ዳር እየሸሸ ሄደ። ድፍኑ ውሃውን ይዞ ሲመለስ መብራቶቹን ጥርት ብለው አገኛቸው። ኮራ አለና ደረቱን ነፋ።

«አላልኩሽም፣ እትዬ? ሲሊኮኑ ሲደርቅ ጉሙን መጠጠው!»

ሾፌሯ ምላሷን ነከሰች። በዕድሜዋ እንዲህ ያመማት ንክሻ የለም።

መርማሪው መብራቶቹን በመሣሪያው ለካ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ማለፊያውን የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ለጠፈ። «ማን ነው የሠራልሽ? ንጹሕ ሥራ ነው» አለ።

እህቷ ከኋላ ወንበር በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ እያየቻት ነው።

«የእህቴ ባል» አለች ሾፌሯ፤ ቃሉን የሆነ መራራ ነገር እንደምትተፋ አድርጋ።

ከኋላዋ የተሰለፈው ባለ ታክሲ ይሄን ሰማ። የእሱም መብራቶች ውሃ ቋጥረዋል። ሮጦ መጥቶ የድፍኑን ስልክ ተቀበለና፣ «ዛሬውኑ አምጥቼልህ፣ ዛሬውኑ ልወስድ እችላለሁ?» አለው።

«ምን ችግር አለው!» አለ ድፍኑ።

የእህቷ ኪሮሽ ቆመ። ሾፌሯ ሞተሩን አስነሣች፤ ማርሽ አስገባች፤ መልሳ አወጣችውና አንገቷን በመስኮት አሰገገች።

«ስማ፣ አንተ» አለችው ባለ ታክሲውን። «እዚያ ቤት ማሳደር አለብህ። የሱ ሲሊኮን ሳያድር አይሆንም።»

«እንዴት፣ ያን ያህል የተለየ ነው?»

«በጣም» አለች ሾፌሯ፣ በተነከሰ ምላሷ። «ዓለም ላይ እንደሱ ያለ የለም።»

ድፍኑ አጠገቧ ገብቶ ሲቀመጥ ፊቱ እንደ መብራቶቹ ያበራ ነበር። የመኪናውን በር ዘጋና ጣቱን በመስኮቱ ጎማ ላይ አስኬደ።

«እትዬ፣ ይሄ በር ንፋስ አያስገባም?»

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው።