የብዙነሽ ተራ

ሎተሪ ቢደርሰኝ ምን እንደማደርግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መሪ ሰፈር ባለ አምስት ፎቅ ቤት እሠራለሁ፣ ታችኛውን ለፋርማሲ አከራያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ይህን የእንጦጦ ዳገት በእግሬ አልወጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሳወራ ሰሚ አጥቼ አላውቅም። ትልቁ ዕጣ ግን ሁላችንንም አልፎ ብዙነሽ ቤት ገባ። ስለ ገንዘብ አንድ ቀን እንኳ አፏን ከፍታ የማታውቀው እሷ ናት፤ ቲኬቱንም የገዛችው አዟሪው ፀሐይ ላይ ሲንገላታ አሳዝኗት ነው። እውነቱን ልናገር፣ የሰማሁ ቀን ራት መብላት አቃተኝ።

ብዙነሽ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም፣ ዘመዶቿም የት እንደደረሱ አይታወቅም። ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስባ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ እያወረደች ነበር የምትኖረው። የደረሳትን ገንዘብ መጠን አልጠራውም፤ በጠራሁት ቁጥር ያመኛል። የባንኩ ሰው፣ "እናቴ፣ እንደፈለጉ ቢያወጡት ይህ በዕድሜዎ አያልቅም" ብሏታል።

ደላላ ደጇ ላይ ተሰለፈ። አንዱ ሆቴል፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ዱባይ ይላታል። ሁሉንም "እሺ ልጄ፣ አስብበታለሁ" እያለች ውኃ አጠጥታ ሸኘቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አይሱዙ ገዛች። ሹፌር ቀጠረችና ቅጠል ተሸካሚዎቹን ሴቶች ከነሸክማቸው ከዳገቱ በነፃ ማውረድ ጀመረች። የጓደኛዋን የሙሉጌጥን ወገብ ዘንድሮ ያሳረፈው ሐኪም ሳይሆን ያ መኪና ነው። ለራሷ የቤቷን ቆርቆሮ ቀየረች፣ ወፍራም ፍራሽ ገዛች፣ አበቃ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ኖሮ የማን ሸክም ትዝ ሊለኝ! ይህን ሳስብ በራሴ አፈርኩ፣ በእሷ ኮራሁ።

ሰፈሩ ግን ተቀየረ። "አንቺ ብዙዬ" ይሏት የነበሩት ሁሉ በአንድ ሌሊት "ወይዘሮ ብዙነሽ" ማለት ያዙ። ስትመጣ ወሬ ይቆማል፣ ስትቀመጥ ሰው ይነሣል።

የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ደግሞ ክብር የሚወዱ ሰው ናቸው። በእድራችን ሰው ሲሞት ሴቶቹ በተራ ለቅሶ ቤት ገብተው ያበስላሉ፣ ድስት ያጥባሉ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ እሷ በሌለችበት ስብሰባ ተነሥተው፣ "እኚህን የመሰሉ ባለጸጋ ድስት ሲፈትጉ ማየት ለእድራችን ነውር ነው" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም ስሟን ከተራው ዝርዝር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ትልቅ ነገር የሠራን መስሎን ነበር።

በሚቀጥለው ለቅሶ ወገቧን በነጠላ አስራ መጣች። ከጓዳው በር ላይ መልሰው ድንኳኑ ውስጥ፣ ከቄሶቹ አጠገብ ወንበር ሰጧት፤ የታሸገ ውኃም ቀረበላት። ቀኑን ሙሉ ውኃውን ሳትከፍተው ይዛ ተቀመጠች። ከለቅሶው ስንመለስ ደጄ ላይ አስቆመችኝ።

"ሕሩይ፣ ከተራ ያወጣኸኝ ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምን ታጠፊያለሽ! ማለቴ፣ ምን ያጠፋሉ! ለክብርዎ ነው እንጂ።"

"ከተራ የሚወጣው አልጋ የያዘ ሰው ነው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።"

"አሁን እኮ ሰው ቀጥረው ማሳጠብ ይችላሉ" አልኳት። እንዲህ ያለው ነገር ለምን ከአፌ እንደሚወጣ አላውቅም።

"ባሌ የሞተ ጊዜ ሙሉጌጥ ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተነሣችም። የተቀጠረች ብትሆን ሥራዋን ጨርሳ ትሄድ ነበር። ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ፣ ሕሩይ? ድስታችሁን ካላጠብኩ፣ እኔ ስሞት ምን ብላችሁ ትመጣላችሁ?" እንባዋ መጣ።

በወሩ ስብሰባ ራሷ ተነሥታ ቆመች። ለእድሩ አዳራሽ ልታሠራ ነው ብለን ጆሯችንን አቆምን።

"ተራዬን መልሱልኝ" አለች። "ሌላ አልፈልግም።"

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልናከብርዎ ብለን እኮ ነው፣ ወይዘሮ ብዙነሽ።"

"ማክበራችሁ ከመሀላችሁ አወጣኝ፣ ጋሼ።"

እሳቸውም አቀረቀሩ። የተቃወመ አልነበረም። ስሟን እንደገና ጻፍኩት። ያን ሁሉ ገንዘብ የያዘ ሰው፣ ከዓለም ሁሉ መርጦ ድስት ማጠብ ሲለምን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

መዝገብ ላይ መጻፉ ግን ቀላሉ ነገር ነበር። ጫማ ሰፊው አቶ አበራ ሲያርፉ ተራው የእሷ ሆነ። የዚያን ጠዋት የተሳፈረችበት መኪና ዳገቱ ላይ ጎማው ተንፍሶ፣ እስኪቀየር ረፈደ። እየሮጠች ደረሰች። ጓዳው ጸጥ አለ። አንዷ ወንበር ልትስብላት ተነሣች፤ ሌላዋ "ምንም አይደል፣ እኛው እንጨርሰዋለን፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ" አለቻት። ብዙነሽ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ደጅ ቆሜ አያት ነበር።

ሙሉጌጥ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞረች።

"አንቺ! እስካሁን የት ተጎልተሽ ነው? ሰው ከቀብር ሊመለስ ነው፣ ይኸ ሁሉ ድስት ተከምሯል! ደግሞ ቆማ ታየኛለች እንዴ? ነይ፣ ያዢ!" ብላ ጥላሸት የለበሰ ትልቅ ድስት አስታቀፈቻት።

ብዙነሽ "እሺ፣ እሺ፣ ይቅርታ" እያለች ድስቱን ታቅፋ ወጣች። ወደ ውኃው ስትሄድ በእኔ በኩል አለፈች። አዲሱ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ጠቁሯል፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል፣ ጥርሷ ግን አልከደን ብሏል።

"ሰማህ፣ ሕሩይ?" አለችኝ። "ተቆጣችኝ እኮ!"