ምላጩ የማን ነው

አብዱልሐሊም መርሳ ላይ ጸጉር ሲያስተካክል አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ምላጭ መያዝ ግን አያውቅም። ይህን ጉዱን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነበር። ሥራውን የለመደው በቶንዶስ ነው። መብራት ካለ ቶንዶሱ ይሠራል፣ ቶንዶሱ ከሠራ እጅ ምን ይቸገራል? የጺሙን ጠርዝ ደግሞ ተጠቅመው በሚጥሉት የላስቲክ መላጫ ያስተካክለዋል። ደንበኞቹ እጁን ሲያደንቁለት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ከራሱም ትንሽ ጨመር ያደርግበታል።

ጦርነቱ መጣና ይህን ሁሉ ወሰደው። ታጣቂዎቹ ከተማዋን በያዙ ሰሞን መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ሱቁም ተሰበረና ከቶንዶሱ እስከ ትልቁ መስታወት ተጭኖ ሄደ። የተረፈለት አንድ መቀስ ነው። ወደ ውርጌሳም ሆነ ወደ ወልድያ ወጥቶ ዕቃ መግዛት የማይታሰብ ሆነ። እንዲህ ባለው ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሚስቱ ሀጂራ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ረዲ አሉት።

ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቂቃው ይወጣል፣ ስለ ልጁ ይታረዳል፤ ይዞት የመጣው ጸጉርም ይላጫል። የሀጂራ አባት ሐጂ ኡበይደላ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ በመቀስ መከርከምን ከመላጨት አይቆጥሩትም። ልጁን ሊያዩ የመጡ ቀን መብራት በሌለበት ማን ይላጨው ይሆን ብለው ሲጨነቁ፣ አብዱልሐሊም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቱ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ልጁን ሌላ ሰው ሊነካው ነወይ፣ እኔው በምላጭ እላጨዋለሁ አለ። በምን ትላጨዋለህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። “በምላጭ” የምትለዋን ከራሱ ነው የጨመራት። አማቱ ተደስተው መረቁት፤ እሱ ግን ምርቃቱን እየሰማ ላብ አጠመቀው።

በከተማዋ ምላጭ እንዳላቸው በርግጥ የሚታወቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አያ አለሙ። ነውሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አያ አለሙ ገበያው ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ አንዲት የእንጨት ዱካ አስቀምጠው እስላም ክርስቲያኑን ለብዙ ዘመን የላጩ ሰው ናቸው። አብዱልሐሊም ሱቁን የከፈተ ሰሞን ደንበኛው ሁሉ ወደ ሾላው ሥር እየነጎደ፣ እሱ አዲሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝንብ እሽ ሲል ይውል ነበር። አንድ ቀን አንድ የወልድያ ሾፌር ጸጉሩን ሊስተካከል ገባለት። አብዱልሐሊም ሰው ማማት አልወድም ብሎ ጀመረና፣ የአያ አለሙ ምላጭ ሳይታጠብ ነው ካንዱ ራስ ወዳንዱ ራስ የሚሄደው፣ በእሱ የተነሳ ያ በሽታ የያዘው ሰው አውቃለሁ አለው። የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ምላጩ ሲታጠብም ሳይታጠብም አይቶ አያውቅም። ወሬው ግን በሁለት ገበያ ከተማዋን አዳርሶ ወደ እሱው ተመለሰ፤ ሲመለስ የሞቱ ሰዎች ስም ተጨምሮበት ስለነበር ከእሱ አፍ የወጣ አይመስልም ነበር። እሱም፣ አይ የሰው ነገር፣ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ዓመት ሳይሞላ ዱካዋ ከሾላው ሥር ተነሳች። ሐጂ ኡበይደላ እንኳ ሃያ ዓመት የተላጩበትን ምላጭ የተዉት በዚያ ወሬ ነው። ሀጂራም ያንኑ እያመነች ነው ያገባችው።

ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አብዱልሐሊም ዓይኑን በጨው አጥቦ በጓሮ መንገድ ዞሮ አያ አለሙ ቤት ሄደ። ለሀጂራ ከአንድ ወዳጄ ዘንድ ያስቀመጥኩትን ምላጭ ላመጣ ነው ብሏታል። አያ አለሙ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምላጭ መያዝ ያስተምሩኝ አላቸው።

“ለማን ነው?” አሉት።

“ለልጄ። አቂቃው ደርሶ ነው።”

“ስንት ቀኑ ነው?”

“ሦስት።”

“እንግዲያ ጊዜ የለንም። ሂድና ያልበሰለ ፓፓያ ይዘህ ና።”

ይኸው ነው። የማንን ቤት እንደዘጋ የሚያነሳ ቃል ይወጣቸዋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልወጣቸውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ፓፓያውን ከጎረቤት ጓሮ ለምኖ ይዞ ሲመጣ የአያ አለሙ ሚስት እትዬ አማከለች ውሃ አፍልተው ጠበቁት። ምላጩን ከጨርቅ ፈትተው አወጡት። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። እትዬ አማከለች ስለቱን የፈላው ውሃ ውስጥ ነክረው ቆዩ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁት፣ ከዚያ ፊቱን ሳያዩ ሰጡት። “ይች ያንድ ሰው ራስ ነክታ ሳልቀቅላት ለሌላ ሰው ያቀበልኩበት ቀን የለም” አሉ። “ዱካዋ አጠገብ ምድጃ ነበረኝ፤ ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። ያውቅ ነበር።” አብዱልሐሊም ፓፓያውን አገላብጦ ማየት ጀመረ። የሚታይ ነገር ኖሮት አይደለም።

አያ አለሙ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በቃል ብቻ ያስተምሩት ጀመር። ምላጩን ከምሰሶው በተንጠለጠለው ጠፍር ላይ እንዲያፋትገው፣ ስለቱን ወደፊት ሳይገፋ በጀርባው በኩል ወደ ኋላ እንዲጎትተው ነገሩት። ሳሙናው ለልጁ ይቀመጥ ብለው ፓፓያውን የእንዶድ አረፋ አስቀቡት። ምላጩን አስተኛው፣ አታቁመው፣ በግራ እጅህ ቆዳውን ወጥር፣ አንተ ሳትሆን ምላጩ ይሂድ፣ አሉት። ያልበሰለ ፓፓያ ልጣጩ ሲጫር ነጭ ወተት ያወጣል። ወተት ካየህ ደም አየህ ማለት ነው አሉት። የመጀመሪያው ቀን ወተቱ ስምንት ቦታ ፈሰሰ። እትዬ አማከለች አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩለት።

በማግስቱ አምስት ቦታ ፈሰሰ። ልጁ በተወለደ በአምስተኛው ቀን አያ አለሙ ፓፓያውን ትተህ የራስህን ጉንጭ ሞክር አሉትና ሞከረ፤ አገጩ ሥር ተቆርጦ ደሙን በአመድ አቁሞ ወደ ቤቱ ገባ። ሀጂራ ምን ሆነህ ነው ስትለው እሾህ ነው አላት። ወላሂ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱን ብቻ መለሰው። አንድ ነገር ግን ሳያስተውለው አልቀረም፤ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ እንኳ አያ አለሙ ጋቢያቸውን ገለጥ አያደርጉም፣ ምላጩንም አንድ ቀን ተቀብለው አላሳዩትም። ተጠይፈውኝ ነው ብሎ አሰበና አንገቱን ደፋ።

በስድስተኛው ቀን ፓፓያው ከላይ እስከ ታች ተላጭቶ አንድ ጠብታ ወተት አልወጣውም። አያ አለሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ምላጩን ይዘህ ሂድ፣ ነገ ጠዋት ሳትቀቅለው ልጁን እንዳትነካ፣ አሉት። ያኔ ሊናገር ነበር። የመጣለት ቃል አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የሚል ነበር። እሱ ግን በዚያ ፈንታ ነገ ይምጡልኝ አላቸው። ሳይጠራቸው ቢቀር በጣም ያስቀይማል ብሎ ነው የጠራቸው፤ በሆዱ እንዳይመጡ ይለምን ነበር።

መጡ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ቤቱ በዚያ ጊዜ ሊሞላ የሚችለውን ያህል ሞልቷል። ሐጂ ኡበይደላ አንዲት ፍየል ከታጣቂዎቹ ሸሽገው በጉድባ ለጉድባ ነድተው አድርሰዋል። ዱዓ ተደረገ። አያ አለሙ ከሰላምታ በኋላ በሩ አጠገብ፣ እንደ ሁልጊዜው በጋቢያቸው ተጠቅልለው ተቀመጡ። ሰዎቹ ለእሳቸው ቦታ ሲለቁ ትንሽ አብዝተው ራቅ አሉ፤ አብዱልሐሊም ያችን ስንዝር አያት። ሀጂራ ልጁን ታቅፋ ቀረበች፣ ራሱ በሳሙና ረጠበ፣ ምላጩ ከጨርቁ ወጣ።

ሐጂ ኡበይደላ ጎንበስ ብለው እጀታውን አዩት።

“ይችን ሽቦ አውቃታለሁ” አሉ። “ምላጩ የማን ነው?”

ሀጂራ ልጁን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። አብዱልሐሊም መልሱን ያውቀዋል፣ አራት ቃል አይሞላም፤ ባለቤቱም ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል።

“የኔ ነው ሐጂ” አለ። “ድሮ ከወልድያ የገዛሁት ነው። እጀታው ተመሳስሎ ነው።”

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ አያ አለሙን አየ። አያ አለሙ ልጁን አዩ።

“አዎ” አሉ። “ይመሳሰላሉ። የኔው ጠፍቷል።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። እጁ ግን የለመደውን አልረሳም፤ ምላጩን አስተኝቶ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ረዲ አላለቀሰም። አንድ ጠብታ ደም አልወጣም። ሲጨርስ ሐጂ ኡበይደላ ለስላሳውን ራስ በመዳፋቸው ዳሰሱና የአማቻቸውን እጅ ባረኩ። አሚን አለ። በሕይወቱ እንደዚያ የመረረው አሚን የለም። ቀና ሲል በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ አያ አለሙ ከዳቦው ቆርሰው፣ ልጁን እደግ ብለው፣ ሄደዋል።

ከአቂቃው በኋላ በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር፤ ገበያ ከተባለ። ጥቂት ሰዎች ጥቂት ማሽላና በርበሬ ይዘው ወጥተው ይፈራራሉ። አብዱልሐሊም በጠዋት ምላጩን ይዞ አያ አለሙ ዘንድ ሄደ። በጓሮ አልዞረም። እንደገባ፣ ወንበር ሳይሰጡት፣ ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ አላቸው።

“አውቃለሁ” አሉ አያ አለሙ። “ሾፌሩ ያኔውኑ መጥቶ ነግሮኛል።”

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ያሉት እያወቁ ነው። አብዱልሐሊም ቆሞ መቆየት አቃተውና መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አፉ ይበሉኝ አለ። ከዚያ አስቦበት የመጣውን ነገራቸው፦ ዱካዋን እሸከማለሁ፣ ከሾላው ሥር ሰው ሁሉ እያየ ይላጩኝ፣ ለጠየቀ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ።

አያ አለሙ ሁለት እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ከአንጓቸው ጀምሮ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ቀኙ ከግራው የባሰ ነው።

“በዚህ ልላጭህ?” አሉት። “ሁለት ዓመቱ ነው። ደህናውን እጄን ቤት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።”

አልተቆጡትም፣ አላለቀሱም፤ እንዲያው የሆነውን ነገሩት። አብዱልሐሊም ግን አለቀሰ። ልመልስላቸው ያለው ሥራ የሚመለስበት እጅ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባው። እትዬ አማከለች ከጓዳ ሆነው ሰሙት፤ አላጽናኑትም። ውሃ ጣዱ።

“ተነስ” አሉ አያ አለሙ። “ዱካዋን ያዝ። እኔን ላጨኝ።”

ከሾላው ሥር ዱካዋን ወደ ግንዱ ሊያዞራት ሲል እሳቸው ወደ መንገዱ አዙሩልኝ አሉ። አረፋውን ቀባቸው፤ መላጨት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ በርበሬ ሻጭ ነበረች፤ ምላጩ የማን ነው አለች፣ ነገራት። ሰምታ ፊቷን አዞረች። ሁለተኛው የድሮ ደንበኛው ኑርሁሴን ነበር፤ ለእሱም ነገረው። ኑርሁሴን እየሳቀ፣ ቀልድህን ነው አይደል አለው። አይደለም አለ። ሲናገር ድምፁ እየቀነሰ ይሄድበትና እንደገና ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ሐጂ ኡበይደላ ነበሩ። ገና ከሩቅ አይቷቸው እጁ ቆመ። መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ፤ ምላጩን አዩ፣ በአረፋ የተሸፈነውን ፊት አዩ።

“የወልድያው ምላጭ ነው?” አሉ።

“የአያ አለሙ ነው፣ ሐጂ። ልጁን የላጨሁበትም ይኸው ነበር። ያን በሽታ የሚባለውንም ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ያየሁት ነገር አልነበረም።”

ሐጂ ኡበይደላ አማቻቸውን ትተው ወደ ዱካዋ ጎንበስ አሉ።

“አለሙ፣ በዚህ ሳልፍ ስንቴ ፊቴን አዞርኩብህ” አሉ። “አፉ በለኝ።”

አያ አለሙ አረፋው አፋቸው ውስጥ እንዳይገባ ከንፈራቸውን ገጥመው በራሳቸው ብቻ እሺ አሉ። ሐጂ ኡበይደላ ጥቂት ቆመው፣ አብዱልሐሊምን ሳያዩ፣ ወደ እህል ተራው ሄዱ። ማታ ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞት ሀጂራ ጋ እንደሚደርስ አወቀ፤ ምን እንደሚላት አያውቅም።

“አትቁም” አሉት አያ አለሙ። “ግማሽ ፊቴ ቀርቷል።”

ምላጩን አስተኛና ቀጠለ። ከመስጊዱ በኩል ሁለት ሰዎች እየመጡ ነበር፤ እነሱም መጠየቃቸው አይቀርም።